ርዕሰ አንቀጽ፦ እኛ ባንኖርም ሰርዶ ይብቀል



«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይላል የአገራችን ሰው፣ ለራሱ ብቻ የሚያስበውን ሲወቅስ። ይህ ተረት ትዝ ያለን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ በጋ በሰፈራችን ዘወር ዘወር ብሎ የተመለከተ ሰው፣ በአንዳንዱ ግቢ ሣሩ በቧንቧ ውሃ ለምልሞ፣ ከአጥሩ ውጪ ግን ከበሩ እስከ ቦዩ ያለው መሬት ተራቁቶ አቧራው ሲቦን ያያል። ከአጥር ውስጥ ያለው የኔ፣ ከአጥር ውጪ ያለው የማንም አይደለም ማለት ነው እንግዲህ!

የከተማችን አፈር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ቀላልና አሸዋማ ነው። ሣር ካልያዘው በበጋ ነፋስ ያነሣዋል፣ በዝናብ ወራት ጎርፍ ይጠርገዋል። ጎርፉ ወደ ቦይ፣ ቦዩ ወደ ሐይቁ ይወስደዋል። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ የለውም። የገባበት ደለል እዚያው ይቀራል። ጥቁር ውሃ የሚነሣበት ጨለለቃ ራሱ ቀድሞ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ስለዚህ በየደጃችን ያለችው አንዲት ክንድ ሣር ለጌጥ ብቻ የምትበቅል አይደለችም።

ታዲያ ሣር እንዴት ይያዛል? የሰው አገር ምክር ሁሉ ለእኛ አይሆንም። በረዶ በሚዘንብባቸው አገሮች የሣር ጠላቱ ብርድ ነው። ቅዝቃዜው ሲመጣ ሣሩ ያንቀላፋል፤ ቅጠሉ ደርቆ በውርጭ ሳለ ስለሚሰበር እንዳይረገጥ ይመከራል። በእኛም አገር ደብረ ብርሃንን በመሰለ ደጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ያጠወልገዋል። ሐዋሳ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይናደጋ ናት። የእኛን ሣር የሚያስተኛው ብርድ ሳይሆን ድርቅ ነው። የእንቅልፉ ምክንያት ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ የተኛ ሣር አልሞተም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰርዶ ከላይ ቢገረጣም ግንዱና ሥሩ ከመሬት ውስጥ በሕይወት አለ፤ ዝናብ ሲነካው ይነሣል። እኛ ግን ቢጫ ሆነ ብለን ደንግጠን ቧንቧ እንከፍትበታለን። እስቲ እናስላው፦ አንድ ካሬ ሜትር ሣር በደንብ ለማራስ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ይፈጃል። 50 ካሬ ሜትር ሣር ያለው ሰው አንድ ጊዜ ሲያጠጣ 50 ጀሪካን፣ ማለትም 1,000 ሊትር አፈሰሰ ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ጎረቤቱ ቧንቧ ሥር ባልዲ ደቅኖ ጠብታ ይጠብቃል። ይህ ደግ ነገር አይደለም። በበጋ ማጠጣት ግድ ከሆነ ልብስ የታጠበበት ውሃ፣ በረኪና እስካልገባበት ድረስ ይበቃል፤ እሱም በማለዳ ወይም ሲመሻሽ እንጂ በጠራራ ፀሐይ አይደለም።

ሥራው በየወቅቱ እንዲህ ነው፦

በየካቲት መጨረሻ መሬቱ ይቆፈራል፣ ድንጋዩ ይለቀማል፣ ወደ ቦዩ ትንሽ ተዳፋት እንዲኖረው ይስተካከላል። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀልበታል።

በመጋቢትና በሚያዝያ ዝናቡ ሲይዝ ሰርዶ ይተከላል። ዘር መግዛት አያስፈልግም፤ ከጎረቤት ሥር ያለው ቁራጭ ተነቅሎ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ቢቀበር ራሱ እየሳበ ይገናኛል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ይታጨዳል። ከቁመቱ ከሢሶው በላይ በአንድ ጊዜ አይቆረጥ፤ ሥር ድረስ የተላጨ ሣር ለአረም ቦታ ይለቃል። የታጨደው ደቃቅ ከሆነ እዚያው ቢቀር ማዳበሪያ ነው። ዩሪያ በእፍኝ መበተን ግን ሣሩን ያቃጥላል፤ ትርፉም በጎርፍ ታጥቦ ሐይቅ ይገባል። መሬቱ ረጥቦ ሳለ አይረገጥ።

በጥቅምት የሳሳው ይሞላል፣ ሣሩም ትንሽ ረዘም ብሎ በጋን እንዲቀበል ይተዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ይተኛ፤ ተዉት።

አንዳንዶች «ሣር እባብ ያመጣል፣ ሲሚንቶ ይሻላል» ሲሉ እንሰማለን። እባብ የሚደበቀው ባልታጨደ ሣርና በተከመረ ቆሻሻ ውስጥ ነው። ሲሚንቶ ደግሞ ዝናቡን አይጠጣውም፤ የእርስዎን ግቢ አጽድቶ ከታች ላለው ጎረቤት ይልክለታል። እኛ ንጹሕ ሆነን ሌላው ሲጥለቀለቅ ማየት ያሳፍራል።

ሣር የጋራ ሀብት መሆኑ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው ፍቼ ጨምበላላ፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ በጉዱማሌ ሜዳ ላይ ይከበራል። ሜዳው የአንድ ሰው ግቢ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሕዝብ ማን ያስተናግደው ነበር?

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ዝናቡ ሊገባ ነው። እያንዳንዱ ቤት ከበሩ እስከ ቦዩ ያለውን መሬት ሰርዶ ይትከልበት። ግቢው የለመለመለት ለሌለው ቁራጭ ያካፍል። ጉልበት የሌላቸው አረጋውያን ደጃፍ ላይ ወጣቶቻችን ይቆፍሩላቸው፤ እናቶች ቡና ያፍሉ። ከብትና ፍየል ያላችሁም አዲሱ ሣር ሥር እስኪሰድ ድረስ እሰሩልን።

ከእኛ አንዳንዶቻችን ተከራዮች ነን፣ ነገ እንሄዳለን። አንዳንዶቻችን አርጅተናል። ቢሆንም እንትከል። አህያዪቱ ያለችውን እኛ አንበል፤ እኛ ባንኖርም ሰርዶ ይብቀል።