ደንቡን አሳዩን! ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ ኮቴና ስለ ታርጋ መፍታት

የተከበራችሁ የመካነ ኢየሱስ ከተማና የእስቴ ወረዳ መራጮች፤

ስለ ሰላም፣ ስለ መሬትና ስለ ማዳበሪያ ያለንን አቋም በዚሁ ጽሑፍ ሌሎች ገጾች ላይ ታገኙታላችሁ። ይህ ገጽ ስለ መኪና ማቆሚያ ነው። የፓርቲያችን አባላት ሳይቀሩ «ሀገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች በፓርኪንግ ጉዳይ ምርጫ ይገባል ወይ?» ብለውኛል። አዎ፣ ይገባል። የእስቴ ገበሬ ፓርላማ ገብቶ አያውቅም፤ እህሉን የጫነበት አይሱዙ ግን ከተማ በገባ ቁጥር ከመንግሥት ጋር ይገናኛል። የባጃጅ ሹፌሩም፣ ከደብረ ታቦር ሕመምተኛ ይዞ የሚመለሰው ሚኒባስም፣ ሱቋ ደጃፍ ላይ ሳሙናና ዘይት የምታስራግፈው ነጋዴም እንዲሁ። መንግሥት ሕግ አክባሪ መሆን አለመሆኑ የሚታየው እዚያ ነው።

አሠራሩን በሀገራችን ትናንሽ ከተሞች የተዘዋወረ ሁሉ ያውቀዋል። መኪናው ከተማው አፍ ላይ ሲደርስ ገመድ ተወጥሮ ይጠብቀዋል፤ ኮቴ ይከፈላል። ለማራገፍ ሲቆም ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት መጥቶ የማቆሚያ ይጠይቃል። መነሃሪያ ከገባ የመውጫ አለ፤ የተራ አስከባሪ አለ። ሹፌሩ ይህን ሁሉ ከፍሎ ምሳ ሊበላ ዞር ብሎ ሲመለስ የሚያገኘው ታርጋው የተፈታ መኪና ነው። «ምን አጠፋሁ?» ሲል «እዚህ ማቆም ክልክል ነው» ይባላል። ክልክል መሆኑን የሚናገር ምልክት የለም፤ የቀለም መስመር የለም። ቅድም የማቆሚያ ተቀብሎት የሄደው ወጣት ግን እዚያው ቆሟል። ለመሆኑ አንድ ቦታ በአንድ ቀን የሚከፈልበት ማቆሚያም፣ የሚያስቀጣ ክልክል ቦታም እንዴት ይሆናል?

ሕግ የተማረ ሰው ነገር ያበዛል አትበሉኝና ሦስት ነገሮች መለየት አለባቸው። ግብር፣ የአገልግሎት ክፍያና ቅጣት አንድ አይደሉም። ግብር ሥልጣን ባለው ምክር ቤት በሕግ ይጣላል። የአገልግሎት ክፍያ ለተሰጠ አገልግሎት የሚከፈል ዋጋ ነው፤ አገልግሎት ከሌለ ክፍያ የለም። ቅጣት ደግሞ በሕግ አስቀድሞ የተከለከለን ነገር ያደረገ ሰው ብቻ የሚቀበለው ነው። ሦስቱን በአንድ ካርኒ ደባልቆ የሚሰበስብ አስተዳደር ስለየትኛው ሲጠየቅ ወደ ሌላው ይሸሻል። ኮቴ ለምን እንደሚከፈል ብትጠይቁት «ግብር ነው» ይላል፤ በየትኛው አዋጅ ስትሉት «የአገልግሎት ነው» ይላል፤ አገልግሎቱን አሳየን ስትሉት «አለመክፈል ያስቀጣል» ይላል።

ኮቴ የሚለው ስም ራሱ ከእንስሳ እግር የመጣ ነው፤ ዛሬ በጎማ ላይ ተጭኗል። የበጌምድር ሰው ኬላን ዛሬ አልተዋወቀውም። ይፋግ በጎንደር ነገሥታት ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ የታወቀ ገበያና የነጋዴ ቀረጥ መቀበያ ነበር። የዚያን ጊዜ ነጋዴ ቢያንስ ኬላው የት እንዳለና ማን እንደሚቀበለው ያውቅ ነበር።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 100 የሚጣለው ግብር ከምንጩ ጋር የተያያዘ፣ በአግባቡ ታስቦ የተወሰነና ከሚያስገኘው አገልግሎት ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ያዛል። ታዲያ ለማቆሚያ ብር የተቀበለ ከተማ ምን ሰጠ? ጠጠር ያለበሰው ሜዳ አለ? ሌሊት ጥበቃ አለ? መብራት አለ? ሽንት ቤት አለ? ስፖኪዮ ቢሰረቅ ተጠያቂው ማን ነው? ካርኒው ጀርባ ላይ «ለሚጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» ተብሎ ከተጻፈበት፣ የተሸጠው ነገር መሬት ላይ መቆም ብቻ ነው ማለት ነው፤ መሬቱ ደግሞ የሕዝብ መንገድ ነው።

ወደ ቅጣቱ እንለፍ። የመንገድ ትራፊክ ጥፋቶችና ቅጣቶች በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወስነዋል። ደንብ ቁጥር 208 በ2003 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ፤ ከዚያ ወዲህም ሕጉ እየተለወጠ መጥቷል። የፌዴራሉ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ፣ የክልላችን ደግሞ በዝክረ ሕግ ይታተማል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 2 በሕግ ያልተደነገገ ነገር ጥፋት ተብሎ እንደማያስቀጣ ይናገራል። እንግዲህ የአንድ ቢሮ ኃላፊ ፈርሞ ያሰራጨው ደብዳቤ፣ ወይም ካድሬዎች ተሰብስበው የያዙት ቃለ ጉባኤ፣ ዜጋን የሚያስቀጣ ሕግ ሊሆን አይችልም። ታርጋ መፍታትም ቢሆን ሕግ የሚፈቅድበት ሁኔታ ካለ አንቀጹ በወረቀት ተጽፎ ከመኪናው መስታወት ላይ ይለጠፍ። አንቀጹን መጻፍ ያልቻለ ሰው መፍቻውንም አይያዝ።

ስሙን በማልጠራው አንድ ከተማ አንድ ጊዜ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሹፌር ዓርብ ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር ቆመሃል ተብሎ መንጃ ፈቃዱን ተቀማ። ቅጣቱን ልክፈል አለ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ወጥታለች ተባለ። የሚቀጥለው የሥራ ቀን ሰኞ ነው። መኪናው ላይ ቲማቲም ተጭኗል። እኔ ቢሮ ገብቼ ደንቡን አሳዩኝ አልኩ። መሳቢያ ተከፍቶ አንድ ደብዳቤ ወጣ፤ ከላይ ያለውን ግማሽ ብቻ በእጁ ሸፍኖ አሳየኝ፤ ቀን አልነበረውም። «አንተ ማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከደንቡ ቀድሞ መጣ። ሹፌሩ በመጨረሻ ወደ ውጭ ተጠራና ያለ ደረሰኝ ከፍሎ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ተመለሰ። ቲማቲሙ ተረፈ። ሹፌሩ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ ሕግ ባይጠይቁ ኖሮ በግማሽ ዋጋ እጨርስ ነበር።»

ገዥው ፓርቲ ይህን ሲያነብ «ሥርዓት አልበኝነት ይፈልጋሉ» ማለቱ አይቀርም። አንፈልግም። የጤና ተቋም በር ላይ የቆመ መኪና አምቡላንስ ያግዳል፤ መታጠፊያ ላይ የቆመ አይሱዙ ከኋላው የሚሻገረውን ሕፃን ይሸፍናል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ለሚቆም ምልክት ባይኖርም ይቅጡት፤ እኛም ብንመረጥ እንቀጣለን፤ ሹፌሩ የፓርቲያችን አባል ቢሆንም። ትራፊክ ፖሊሱም ጠላታችን አይደለም። ፀሐይና አቧራ ላይ ቆሞ የሚውል የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ነገር ግን ከተማ የቅጣትን ገቢ ዓመቱ ሳይጀምር በበጀት ዕቅድ ከያዘ፣ ጥፋት እንዲቀንስ ሳይሆን እንዲገኝ ነው የሚሠራው። ለገበሬ ኩንታል እንደሚመደብ ለፖሊስ ጥፋተኛ መመደብ አለበት ወይ?

በዓለም የመጀመሪያው የማቆሚያ መቁጠሪያ የተተከለው በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ ነው፤ በ1927 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1935። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ ሠራተኛው ጠዋት ያቆመውን መኪና ማታ ስለሚያነሣው ገበያተኛ ቦታ አጣ። ክፍያው መኪናው ጉዳዩን ጨርሶ እንዲነሣ የታሰበ ነው። ገቢን ዋና ግብ ያደረገ ከተማ ምን እንደሚደርስበት ደግሞ ቺካጎ አሳይታለች። በ2001 ዓ.ም. 36 ሺህ ያህል መቁጠሪያዎቿን ለአንድ የግል ኩባንያ ለ75 ዓመት በ1.15 ቢሊዮን ዶላር አስተላለፈች። ምክር ቤቱ ውሉን በጥቂት ቀናት ውስጥ አጸደቀው። በዚያው ዓመት የከተማዋ ዋና ተቆጣጣሪ ውሉ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ ያነሰ ዋጋ የተሸጠበት መሆኑን አጋለጠ። ቺካጎ ሩቅ ናት፤ መንገድን በጥድፊያ ለጥቂቶች መስጠት ግን ቅርብ ነው። ወጣቶች ተደራጅተው የማቆሚያ ክፍያ ቢሰበስቡ አንቃወምም፤ ሥራ ያስፈልጋቸዋል። የምንቃወመው ጨረታ ሳይወጣ፣ ውሉ ሳይታይ፣ የመንገዱ ዳር ለአደረጃጀት አባልነት እንደ ሽልማት መሰጠቱን ነው።

ሕዝብን ሳያማክሩ ደንብ መጫን የት እንደሚያደርስ ከራሳችን ታሪክ መማር ይቻላል። የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቁመው ሕዝቡ በእግሩ ሄደ። ምክንያቱ በደንብ ቁጥር 208 የነጥብ አያያዝ መንጃ ፈቃድ እስከ መታገድ የሚያደርስ መሆኑ ነበር። የኢሕአዴግ መንግሥት ከዚያ በኋላ ነው አፈጻጸሙን ለሦስት ወር ያራዘመው፤ ውይይትም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ኋላ ብንሄድ፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ከዓባይ ማዶ ያለችው ሞጣ ከተቃውሞው ማዕከሎች አንዷ ነበረች። ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ አገረ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። አስቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ያለ ጥይት የሚያልቅ ነገር ነበር። (ይህን በመጥቀሴ አመፅ ጠራ የሚል ካለ ደግሞ ይሳሳታል፤ የምንጠይቀው የምርጫ ካርድ ነው።)

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቀው አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ይህ ጥሩ ሕግ ነው፤ መንግሥት ያወጣው ቢሆንም እናመሰግናለን። ነገር ግን የሚመለከተው የፌዴራል፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አስተዳደር ተቋማትን ነው። የቦሌ ነዋሪ ስለሚገዛበት መመሪያ አስቀድሞ ሲጠየቅ የእስቴ ነዋሪ የማይጠየቅበት ምክንያት ምንድን ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ሲል፣ በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ሲል ከተማ አልመረጠም።

በመሆኑም በከተማው ምክር ቤት መቀመጫ ካገኘን መጀመሪያ የምንሠራው ቀለም መቀባትና ምልክት መትከል ነው፤ ያ ሳይሆን ምልክት በሚያስፈልገው ቦታ ማንም አይቀጣም። ለማራገፊያ የተለየ ቦታ ይከለላል፤ ለግማሽ ሰዓት ክፍያ የለውም፤ ቸኩላ የምታራግፍ ነጋዴና ቀኑን ሙሉ የሚቆም መኪና እኩል ሊታዩ አይገባም። የባጃጅ መቆሚያዎች የት እንደሚሆኑ ከሹፌሮቹ ጋር ቦታው ላይ ቆመን እንወስናለን። ክፍያም ቅጣትም ያለ ተከታታይ ቁጥር ደረሰኝ አይሰበሰብም፤ ደረሰኝ ካልተሰጠ ሹፌሩ ያለመክፈል መብት አለው። ቅጣት በባንክ ወይም በቴሌብር በማንኛውም ቀን ይከፈላል፤ ገንዘብ ተቀባይ ወጥታለች ተብሎ የማንም መንጃ ፈቃድ ቅዳሜና እሑድን ቢሮ አያድርም። ቅሬታ በሦስት ቀን ውስጥ ይታያል፤ ከሚያዩት መካከል አንዱ ከሹፌሮች የተመረጠ ይሆናል፤ በውሳኔው ያልረካ በአንቀጽ 37 መሠረት ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የመንገድ መዘጋትና እገታ ያንገላታው ሹፌር እኛ ከተማ ሲገባ ቢያንስ እፎይ ማለት አለበት።

አንድ ነገር አንደብቅም። ይህን ስናደርግ በመጀመሪያው ዓመት የማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ሊቀንስ ይችላል። ኮቴ ሲነሣ የሚጎድለውን በሌላ ስም ኮቴ አንተካውም። ምን እንደተሰበሰበና ለየትኛው ጠጠር፣ ለየትኛው አምፑል እንደወጣ በየሦስት ወሩ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። የጎደለው ከተለየ በኋላ መክፈል ያለበት ሁሉ ተሰብስቦ ይነጋገርበታል፤ እኛም «ጨምሩ» ማለት ካለብን ፊት ለፊት እንላለን።

የደንቡን ረቂቅ አዘጋጅተናል። ስድስት ገጽ ነው። በፓርቲያችን ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል፤ ከጎኑ ባዶ ወረቀትና በክር የታሰረ እስክሪብቶ አለ። ሹፌርም፣ ነጋዴም፣ በእግሩ የሚሄድም፣ የገዥው ፓርቲ አባልም ያልተስማማበትን አንቀጽ ቁጥር ጠቅሶ ይጻፍበት። እስካሁን በጣም የተተቸው የግማሽ ሰዓቱ አንቀጽ ነው፤ አይሱዙ በግማሽ ሰዓት አይራገፍም ብላችኋል፤ አንድ ሰዓት ይሁን የሚለውን በሚቀጥለው ስብሰባችን እናየዋለን።