ወንፊቱ ወይስ ወጡ? በቡሬ ገበታ ላይ የሁለት ጸሐፍት ሙግት

ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ወንበርማና ደምበጫ ጎተራቸው ሙሉ ከሚባሉት የምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች ናቸው። በቆሎው፣ ስንዴውና ጤፉ ከባለቤቱ ተርፎ በመኪና እየተጫነ ይወጣል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያ የተተከለው ይህ ምርት ታስቦ ነው። ታዲያ እህል የጠገበ ሰው በደንብ በላ ይባላል? ሁለት ጸሐፍት በዚህ አልተስማሙም።

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ እህሉ ከነገለፈቱ ይበላ

በከተማ ቁርስ ላይ ነጭ የፉርኖ ዳቦ የክብር ቦታ ይዟል። ዱቄቱ የሚነጣው ግን ስንዴው ተራቁቶ ነው። ፋብሪካው ገለፈቱን ለይቶ ፉርሽካ ያደርገዋል፤ ፉርሽካውም ለከብት ይሸጣል። ፋይበር የሚባለው አሰር፣ አብዛኛው ብረትና የቢ ቫይታሚኖች ወደ ግርግም ሲሄዱ ለሰው የሚተርፈው በብዛት ስታርች ነው። በ100 ግራም ነጭ ዱቄት ውስጥ ያለው አሰር 3 ግራም አይሞላም፤ ሳይነፋ የተፈጨው ስንዴ ግን ከ10 ግራም ያልፋል።

ጤፍ ከዚህ ድኗል። ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ገለፈቱን መለየት ስለማይመች ከነሁለመናው ይፈጫል። እንጀራ የሚቆርስ ሰው ሳያስበው ሙሉ እህል ይበላል፤ ከ100 ግራም ጤፍ 8 ግራም ያህሉ አሰር ነው። ገብስ ደግሞ ሌላ ሀብት አለው። ቤታ ግሉካን የተባለው አሰሩ አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ እየወፈረ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ ኮሌስትሮልንም ይቀንሳል።

አየርላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት በዩጋንዳ ለዓመታት ሲሠሩ፣ የሆድ ድርቀት፣ የትርፍ አንጀት ሕመምና የትልቁ አንጀት ካንሰር በአገሬው ሰው ላይ ብርቅ መሆናቸውን አስተዋሉ። ምክንያቱ አሰር የበዛበት ምግብ ነው ብለውም ተከራከሩ። ከዚያ ወዲህ የተሰበሰበው ማስረጃ ደግፏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ ትንተና ብዙ አሰር የሚበሉ ሰዎች ጥቂት ከሚበሉት ጋር ሲነጻጸሩ በልብ በሽታ፣ በሁለተኛው ዓይነት ስኳርና በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከ15 እስከ 30 በመቶ እንደሚያንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም መክሯል።

የጎጃም ገጠር ይህን በእጁ ይዟል። የሚያሳዝነው ኪስ ትንሽ ሲሞላ ቀድሞ ከገበታ የሚነሣው ጥቁሩ እንጀራና የገብሱ ዳቦ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ የጎደለው ወጡ ነው

በወንፊቱ ላይ ጠብ የለም። ነገር ግን የቡሬ ዙሪያ ገበሬ አሰር አጥሮት አያውቅም። ቆሎው፣ ቂጣው፣ የዳጉሳው እንጀራ፣ የበቆሎው ገንፎ ሁሉ አሰር ነው። እንዲያም ሆኖ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል። የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር፤ ከክልሎችም የአማራን ያህል ያስመዘገበ አልነበረም። ትርፍ አምራቹ ጎጃም ያለው በዚሁ ክልል ውስጥ ነው። ሙሉ ጎተራ ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ እዚህ ባልደረሰ።

የአንድ ዓመት ሕፃን ሆድ ትንሽ ናት። የበቆሎ ገንፎ ቶሎ ይሞላታል፤ ልጁም ጠገበ ተብሎ ይነሣል። በቆሎ ግን ሰውነት ራሱ መሥራት የማይችላቸው ላይሲንና ትሪፕቶፋን የሚባሉ የፕሮቲን ክፍሎች ያንሱታል። በእህል ገለፈት ውስጥ የሚገኘው ፋይቴት ደግሞ ብረትንና ዚንክን ጠርንፎ ወደ ደም እንዳይገቡ ያግዳል። የጤፍ ሊጥ ለዚህ መላ አለው። እናት እርሾ ጥላ ሁለት ሦስት ቀን ታቦካዋለች፣ ላዩ ላይ የቀረረውን ውሃ ትደፋለች፣ ከሊጡ ቀንሳ በፈላ ውሃ አብሲት ትጥላለች፣ ሲነሣም ትጋግራለች። በዚህ ሁሉ መካከል ፋይቴቱ ይቀንሳል። ለሕፃኑ ገንፎ የሚሆነው ዱቄት ግን ከወፍጮ ቤት በቀጥታ ድስት ውስጥ ይገባል። በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ብረትና ዚንክ የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ያልቦካው የሚደርሰው ለእሱ ነው።

ዶክተር በርኪት ያዩት የዩጋንዳ ገበሬም ቢሆን በአሰር ብቻ አልኖረም። ማቶኬ የሚባለውን የተቀቀለ ሙዝ ከአደንጓሬ ጋር ይበላ፣ ቀኑን ሙሉ ይቆፍር፣ በእግሩ ይጓዝ ነበር።

ምዕራብ ጎጃም መድኃኒቱን ሩቅ አይፈልግም። ግብጦ አለ። መራራነቱ እስኪለቅ ለቀናት ወራጅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ ከመጠጥ ጋር ይቆረጠማል እንጂ ከምግብ ተራ አይቆጠርም። ከ100 ግራም ደረቅ ግብጦ ግን 36 ግራም ያህሉ ፕሮቲን፣ 19 ግራም ያህሉ አሰር ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ያወደሱት ጤፍ በሁለቱም አይደርስበትም። ዶሮዋ የጣለችው እንቁላልስ? ለጨውና ለቡና ይሸጣል፤ ልጁ ግን ገንፎውን ብቻውን ይበላል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

ስለ ሕፃናት የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ለሕፃን አሰር ማብዛት ማንም አይመክርም። አዋቂው ግን ሌላ ነው። ከገጠር ወጥቶ ፍኖተ ሰላም ወይም ባሕር ዳር የሚገባው ወጣት ቆሎውን በብስኩት፣ የገብስ ዳቦውን በፉርኖ፣ ጠላውን በለስላሳ ይለውጣል፤ እግሩም ከመንገድ ወደ ባጃጅ ይሻገራል። ስኳር በሽታ ለዚህ ሰው እየቀረበ ነው። ግብጦውም ይብዛ፣ ጎመኑም ይጨመር፤ በዚያ ሰበብ ሙሉ እህል ከገበታው አይነሣ።

የሁለተኛው ጸሐፊ የመጨረሻ ቃል

በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያ በየቀኑ ከተለያዩ የምግብ ምድቦች መብላትን ይመክራል፤ ከእህሉ ጎን ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና የእንስሳት ተዋጽኦ መኖር አለባቸው ማለት ነው። መንግሥትም በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ተነሥቷል። ጊዜው ቀርቧል። እናቶች ለልጅ ገንፎ ሲያስፈጩ በሦስት እጅ እህል ላይ አንድ እጅ ተቆልቶ የተከካ ባቄላ ወይም ሽምብራ ይጨምሩ። አባወራዎችም ከሚሸጠው እንቁላል ቢያንስ የሕፃኑን ድርሻ ቤት ያስቀሩ።