ሦስት ፕሮፎርማ፣ ሁለት ፊርማ፦ ወረቀቱ ሲሟላ ደንቡ የሚጎድልበት ሁኔታ

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አነስተኛ ግዥ የሚፈጸመው ከተለያዩ አቅራቢዎች፣ በተለምዶ ከሦስት፣ የዋጋ ማቅረቢያ ተሰብስቦ ነው። ሠራተኛው ሰነዱን የሚያውቀው «ፕሮፎርማ» በሚለው ስሙ ነው። የደንቡ ዓላማ ግልጽ ነው፤ አቅራቢዎች እንዲወዳደሩና ገዢው ተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያገኝ የታሰበ ነው። ይሁን እንጂ በግዥ ሥራ ላይ ጥቂት ጊዜ የቆየ ሰው ሦስቱ ፕሮፎርማዎች ከአንድ ሱቅ እንዴት ተሟልተው እንደሚወጡ ያውቃል። ባለሱቁ የራሱን ይሰጣል፤ የቀሩትን ሁለቱን ዋጋቸውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ከጎረቤቶቹ ማኅተም እያስመታ ያመጣል። ፋይሉ ይሟላል። ኦዲተሩ ሦስት ወረቀት፣ ሦስት ማኅተምና አንድ ዝቅተኛ ዋጋ ያገኛል። ከፋይሉ ውስጥ የማይገኘው ውድድሩ ብቻ ነው።

ይህ ድርጊት ብዙውን ጊዜ የሚታየው እንደ ግለሰቦች የሥነ ምግባር ጉድለት ነው። ጉድለቱ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው፣ እዚህ ላይ ደንቡ በቃሉ አለመጣሱ ነው። የተጠየቀው ሦስት ወረቀት ነበር፤ ሦስት ወረቀት ቀረበ። ደንቡን ያረቀቀው አካል ራሱን የጠየቀው «ውድድር መኖሩን የሚያሳየው ምን ሰነድ ነው?» ብሎ እንጂ «ውድድሩን ማስቀረት የፈለገ ሰው ይህን ሰነድ እንዴት ያገኘዋል?» ብሎ አልነበረም። የሕግ ተገዢነት ወይም በባንኮች ዘንድ እንደሚባለው የኮምፕላያንስ ሥርዓት በብዙ ተቋማት የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው። ጉልበቱ ሁሉ በደንቡ አረቃቀቅ ላይ ያልቃል። ደንቡን ማን ያስከብረዋል፣ አስከባሪው ለማን ተጠሪ ነው፣ የበላይ ኃላፊው ራሱ ቢጥሰውስ ምን ይሆናል የሚሉት ጥያቄዎች ለ«አፈጻጸም መመሪያ» ይተዋሉ።

ችግሩ የደሃ አገር ወይም የደካማ ቢሮክራሲ ብቻ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ሥልጠናና ኮምፒዩተር በሆነ ነበር። የጀርመኑ ሲመንስ ኩባንያ ታሪክ ግን ይህን አስተሳሰብ ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ኩባንያው ከአሜሪካና ከጀርመን ባለሥልጣናት ጋር ባደረገው ስምምነት በሁለቱ አገሮች በድምሩ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተገደደ። የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ክስ እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ኩባንያው በልዩ ልዩ አገሮች ለመንግሥት ባለሥልጣናት ቢያንስ 4,283 የጉቦ ክፍያዎችን ፈጽሟል፤ የገንዘቡ መጠን 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ሲመንስ ደንብ አልነበረውም ማለት አይቻልም። የሠራተኛ ሥነ ምግባር መመሪያ ነበረው። የኮምፕላያንስ ቢሮ ነበረው። ክፍያ በሁለት ሰዎች ፊርማ እንዲጸድቅ የሚያዝ አሠራርም ነበረው። የክሱ ሰነድ ይህ የሁለት ፊርማ ደንብ እንዴት እንደተሸነፈ ሲገልጽ አንባቢን ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ያነሣል፤ አጽዳቂዎቹ ፊርማቸውን ያኖሩት በቅጹ ላይ ሳይሆን ተለጥፎ ያለ ጉዳት በሚነሣ ቁራጭ ወረቀት ላይ ነበር። ክፍያው ሲያልፍ ወረቀቷ ትነሣለች፤ ፈራሚውም አብሮ ይጠፋል። በኩባንያው ቢሮዎች ውስጥ ደግሞ ሠራተኛ ባዶ ሻንጣ ይዞ ሄዶ ጥሬ ገንዘብ ሞልቶ የሚወጣባቸው የገንዘብ መስኮቶች ነበሩ፤ በአንድ ጊዜ እስከ አንድ ሚሊዮን ዩሮ ማውጣት ይቻል ነበር። በአዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ የወጡት ሦስት ፕሮፎርማዎችና በሙኒክ የምትነሣዋ ወረቀት በመጠን አይነጻጸሩም። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ በሁለቱም ቦታ ቅርጹ ተከብሮ ዓላማው ተሽሯል።

ከወረቀቷ ይልቅ ለተመራማሪ የበለጠ ትምህርት ያለው በ2003 (እ.ኤ.አ.) የሆነው ነው። የውጭ ኦዲተሩ የኩባንያው የመገናኛ ዘርፍ ሠራተኞች 4.12 ሚሊዮን ዩሮ በጥሬው ወደ ናይጄሪያ መውሰዳቸውን ደረሰበት። አንድ የኮምፕላያንስ ጠበቃ ለአንድ ቀን ያህል ሠራተኞችን ጠይቆ ሪፖርት ጻፈ። ሪፖርቱ ድርጊቱ ነጠላ ክስተት እንዳልሆነና ሕግን የሚጥስ ሊሆን እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ነበር። የፋይናንስ ኃላፊው ተመለከተው። ከዚያ በኋላ የተቀጣ ሰው የለም፤ ምርመራው አልቀጠለም፤ ሪፖርቱም ለሥራ አመራር ቦርዱም ሆነ ለኦዲት ኮሚቴው አልቀረበም። ጥሰቱን የማየት ችሎታ አልጎደለም ማለት ነው። ኦዲተሩ አይቷል፣ ጠበቃው ጽፏል። የጎደለው ከጠበቃው ጠረጴዛ እስከ ቦርዱ የሚደርስ፣ መሐል ላይ ማንም ሊዘጋው የማይችል መንገድ ነበር። የክሱ ሰነድ ለዚህ አንድ መዋቅራዊ ምክንያት ይሰጣል፤ ኮምፕላያንስ ቢሮው በሰው ኃይል እጅግ የሳሳ ከመሆኑም በላይ ጥሰትን እንዲከላከል የታዘዘው ኃላፊ ኩባንያውን በክርክር እንዲከላከልም ታዝዞ ነበር። አንድ ሰው ዳኛም ጠበቃም ሆኖ ሲሾም የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ብዙ ጥናት አያስፈልግም።

ይህ የተጠሪነት ጥያቄ በኢትዮጵያ ውስጥ የራሱ ታሪክ አለው። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎች ተደራጁ። አሠራራቸውን ለመወሰን በ2000 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ክፍሉን ተጠሪ ያደረገው ለዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ነበር። የሐሳቡ መነሻ ይገባል፤ ኃላፊው የተቋሙን ሥነ ምግባር በባለቤትነት እንዲይዝ ነው። ነገር ግን የክፍሉ ሠራተኛ የሚከታተለው ሰው፣ የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለት ሰውና ተሽከርካሪ የሚፈቅድለት ሰው አንድ ሲሆን፣ ክፍሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ሥልጠና አዘጋጅነት መንሸራተቱ አያስደንቅም። ሥልጠና ማንንም አያስቀይምም። የተሳታፊ ስም ዝርዝር፣ ፎቶግራፍና የአበል መክፈያ ቅጽ ይገኝበታል፤ ሁሉም በሪፖርት ላይ ያምራሉ። ሠላሳ ሰው ስለ ጥቅም ግጭት ሠለጠነ ብሎ መጻፍ፣ አንድ ዳይሬክተር ከዘመዱ ድርጅት እንዳይገዛ ተከለከለ ብሎ ከመጻፍ በእጅጉ ይቀላል።

ለዚህ የሚቀርበው የተለመደ መልስ ቁጥጥሩ ይጨመር የሚል ነው፤ ሦስቱ ፕሮፎርማ አምስት፣ ሁለቱ ፊርማ አራት ይሁን ይባላል። ይህ ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል። የፈራሚው ቁጥር በበዛ መጠን እያንዳንዱ ፈራሚ ሌላው አይቶታል ብሎ መፈረም ይቀናዋል፤ ቅን ሠራተኛው ደግሞ ለአንድ ካርቶን ወረቀት ግዥ ሳምንት ይንከራተታል። ከዚያ በኋላ ግዥን ከጣሪያው በታች እየከፋፈሉ መፈጸም ይመጣል። ሥራ ሊሠራ የፈለገውም፣ ሊሰርቅ የፈለገውም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ ኦዲተሩም ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። ቅን ሰው እንዲጥሰው የሚያስገድድ ደንብ ለሌባው መሸሸጊያ ይሆናል፤ ይህ ምናልባት በአረቃቀቅ ላይ ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

የተሻለው መንገድ በሰነዱ ምትክ ድርጊቱን መፈተሽ ነው። በፕሮፎርማው ምሳሌ፣ የግዥ ክፍሉ አባል ያልሆነ ሠራተኛ በየወሩ በዕጣ ጥቂት ፋይሎችን መርጦ ለተሸነፉት ሁለት አቅራቢዎች ይደውል። «ይህን ዋጋ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ? ዕቃው በእጃችሁ ነበረ? ብታሸንፉ ታቀርቡ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ወጪው የስልክ ካርድ ነው። ባለሱቆቹ ተስማምተው ሊዋሹ ይችላሉ፤ ነገር ግን ማኅተም ማዋስና የሌለውን ዕቃ አለኝ ብሎ ለመርማሪ መመስከር አንድ አይደሉም። ጎረቤቱ ማኅተሙን በቀላሉ የሚያውሰው ማንም እንደማይጠይቀው ስለሚያውቅ ነው።

ጥሰቱን የሚያውቁት ሰዎች እንዲናገሩ ማድረግ ግን በስልክ ጥሪ አይፈታም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 በከባድ ወንጀሎች ላይ ያተኮረ ነው። የአንድ መምሪያ ጸሐፊ የፕሮፎርማ ማኅተሞችን ተመሳሳይነት ብትናገር የሚደርስባት ነገር ብዙውን ጊዜ እስር ወይም ዛቻ አይደለም፤ ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ መዛወር፣ ዝቅተኛ የአፈጻጸም ነጥብ፣ ከሥልጠና ዝርዝር መሰረዝ ነው። ከዚህ የሚጠብቃት የተቋሙ የውስጥ ደንብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ላይ የሞከረው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ኩባንያው የሚያውቁትን ለሚናገሩ ሠራተኞች ከሥራ እንደማይባረሩና ለጉዳት ካሳ እንደማይከሰሱ ቃል ገባ፤ ከፍተኛ ኃላፊዎች ግን ከዚህ ምሕረት ውጭ ተደረጉ። በርካታ ሠራተኞች ቀርበው ተናገሩ፤ ምርመራውም ወደ ላይ ለመውጣት ቻለ። ምሕረት ወንጀልን ማበረታታት ነው የሚል ተቃውሞ አለ፣ ክብደትም አለው። መመዘን ያለበት ግን ከአማራጩ ጋር ነው። በተለመደው አሠራር ሒሳብ ሠራተኛው ይቀጣል፣ ያዘዘው ሰው ደግሞ «አላውቅም ነበር» ብሎ ይቀመጣል።

በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ብዙዎቹ መጠይቅ ይበትናሉ፤ ሠራተኛው ደንቡን ያውቅ እንደሆነ፣ በደንቡ ይስማማ እንደሆነ በአምስት ደረጃ እንዲመልስ ይጠየቃል። ሠራተኛው ያውቃል፤ ይስማማልም። በአንድ ተቋም ውስጥ ያለውን እውነተኛ ተገዢነት ለመለካት ግን ያሉት ፋይሎች የተሻለ ምንጭ ናቸው። ባለፉት አምስት ዓመታት የቁጥጥር ክፍሉ የበላይ ኃላፊ ያቀረበውን ጥያቄ በጽሑፍ የመለሰበት ጊዜ ስንት ነው? አንድም ከሌለ ኃላፊዎቹ ሁሉ እንከን የለሽ ነበሩ ማለት ነው ወይም ክፍሉ አልሠራም ማለት ነው። ካለ ደግሞ ደብዳቤውን የፈረመው ሠራተኛ ዛሬ በየትኛው የሥራ መደብ ላይ እንዳለ ከሰው ኃይል መዝገብ ማየት ይቻላል።