ከምክሩ በፊት ልብ ይንጠልጠል

በአንድ የአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪዎች ዘንድሮ አጭር ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሠርተዋል። ስክሪፕቱን ሲጽፉም ሲቀርጹም አብሬያቸው ነበርኩ። ፊልሙን የሠሩት ለእኩዮቻቸው ነው፤ ከዘጠነኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ታዳጊዎች። እንዲህ ያለ ሥራ ሲነሳ ከእኛ ከአዋቂዎች አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «መልእክቱ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ጥያቄ ላይ ያለኝ ቅሬታ ነው።

የልጆቹ የመጀመሪያ ሐሳብ ሽጉጥ፣ ጭምብል ለባሽ ገዳይና ብዙ ደም ነበረበት። ከውጭ ፊልም የተለቀመ መሆኑ ያስታውቃል። «እናንተን ራሳችሁን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳችሁ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ሁሉም በአንድ አፍ «ማትሪክ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲበተንና ሲሰረዝ እነሱ ገና ሕፃናት ነበሩ፤ ወሬውን ግን ከታላላቆቻቸው እየሰሙ አድገዋል። በ2015 መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከተሰጠ በኋላ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ደግሞ አገር ምድሩ ደንግጧል። ለእነዚህ ልጆች ከጭምብል ለባሹ ገዳይ ይልቅ የፈታኙ የጫማ ኮቴ ያስፈራል።

ታሪኩም ከዚያ ተወለደ። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከማታውቀው ሰው በቴሌግራም መልእክት ይደርሳታል፤ የነገውን ፈተና መልስ ሊሸጥላት ነው። ገንዘቡን በቴሌብር ትልካለች። ማታውን ሰውየው ሌላ ነገር ይጠይቃል፦ ስልኳን ደብቃ ገብታ የፈተናውን ወረቀት ፎቶ አንስታ እንድትልክለት። እምቢ ካለች የከፈለችበትን ማስረጃ ለርዕሰ መምህሩ ያደርሳል።

የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ አንድ የታወቀ ምሳሌ ሰጥቶ ነበር። ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ሲያወሩ ከሥር የተቀመጠ ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ይደነግጣል። ቦምቡ መኖሩን ተመልካቹ አስቀድሞ ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ ደቂቃዎች ሙሉ ያስጨንቀዋል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ቦምቡን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ የልጅቷ ካልሲ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። እሷ ያጠፋችው ይመስላታል። እኛ ግን በር ላይ ስትጣደፍ ስክሪኑ መልሶ ሲበራ አይተናል።

የፈተና ክፍሏን ትዕይንት እንዴት እንደሠሯት ማየት ነበረባችሁ። የሚቀርጹት በስልክ ነው፤ ድምፅ የሚቀዳው ሌላ ስልክ ዴስክ ሥር ተለጥፏል። የከሰዓቱ ፀሐይ ፊቷ ላይ እንዳይከር መስኮቱ ላይ ነጠላ ሰቀሉ። ካሜራው በወንበሮቹ መካከል እንዲንሸራተት ከቢሮ ባለ ጎማ ወንበር ተዋሱ፤ ቀራጩ ተቀመጠበት፣ ሁለት ልጆች ከኋላ ገፉት። ፈታኝ ሆኖ የሚተውነው ልጅ ስኒከር ድምፅ አላወጣ ሲላቸው ከአንድ መምህር የቆዳ ጫማ ለመኑ፤ ትምህርት ቤቱ ጭር ካለ በኋላ ባዶው ኮሪደር ላይ ኮቴውን ብቻ ደጋግመው ቀዱት። በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው ድምፅ እሱ ነው። ደም የሚባል ነገር የለም። ሂችኮክም እ.ኤ.አ. በ1960ው «ሳይኮ» ፊልሙ የመታጠቢያ ቤቷን ትዕይንት አንድ ሳምንት ያህል ሲቀርጽ ደም ያደረገው የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር፤ ቢላው ገላ ሲነካ እምብዛም አይታይም።

ለታዳጊ የሚሠራ ፊልም ጥንቃቄ አያስፈልገውም እያልኩ አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1984 ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅን የሚያስጠነቅቅ የተለየ የፊልም ደረጃ ያወጡት በሕፃንና በአዋቂ መካከል ያለው ዕድሜ የራሱ ልክ ስላለው ነው። የእኛም የመጀመሪያው ስክሪፕት ውስጥ ልጅቷ ራሷን ልታጠፋ የምታስብበት ገጽ ነበር፤ እንዲወጣ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ያንኑ እጠይቃለሁ። በጭንቀት ላይ ያለ ልጅ አዳራሹ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ ግን ጥንቃቄ እንጂ ስብከት አይደለም።

ስብከቱ በኋላ መጣ። ፊልሙን የገመገሙት መምህራን የመጨረሻ ትዕይንት እንዲጨመር አዘዙ፤ ልጅቷ ተይዛ፣ ባንዲራ ሥር ሰልፍ ፊት ቆማ፣ ስለ ኩረጃ ጎጂነት ንግግር እንድታደርግ። ልጆቹ ታዝዘው ቀረጹ። ፊልሙ በአዳራሽ ሲታይ እኔ ዓይኔን የጣልኩት ተመልካቹ ላይ ነበር። ፈታኙ አጠገቧ ሲደርስ ስልኩ ቫይብሬት አደረገ፤ ያን ያህል ሲንጫጫ የነበረ አዳራሽ ፀጥ አለ። ከኋላ አንዷ «አትንኪው! አትንኪው!» ስትል ተሰማኝ። ንግግሩ ሲጀመር ግን ወንበር ተንቋቋ፣ ወሬ ተጀመረ፣ ገሚሱ ወደ በሩ አመራ።

ኩረጃን እኔም አምርሬ እጠላለሁ፤ የመምህራኑም ቅን ልብ አይጠፋኝም። ነገር ግን በዚያች ፀጥታ ውስጥ ልጆቹ ፍርሃቱን በገዛ ሆዳቸው አውቀውታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምክር ያንን ያወቁትን መልሶ ይወስድባቸዋል፤ «ይህ ስለ እናንተ አይደለም፣ ስለ አንዲት ጥፋተኛ ነው» ይላቸዋልና። አባቶቻችንና እናቶቻችን የማሞ ውድነህን የስለላ ታሪኮች፣ የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ምርመራ ልብወለዶች ዴስክ ሥር ደብቀው ያነበቡት በየምዕራፉ መጨረሻ ተግሣጽ ስለተጻፈላቸው አልነበረም። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማወቅ ስለፈለጉ ነው፤ ማንበብም የለመዱት በዚያው ነው።

ክበቡ አሁን ሁለተኛ ስክሪፕት ይዟል። ታላቅ እህት በደላላ ወደ ቤይሩት ልትሄድ ነው፤ ፓስፖርቷን የደበቀችው ታናሿ ናት፤ ደላላው ሳሎን ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ይጠብቃል። ግሩም ጅማሬ ነው። ለርዕሰ መምህሩ ያቀረብኩት ጥያቄም አጭር ነው፦ ክፍሎቹ ከ11 ሰዓት በኋላ ይከፈቱላቸው፣ ገምጋሚ ኮሚቴው ውስጥም ከዘጠነኛና ከአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ይግቡ።