የብርዱን ሒሳብ ማን ይከፍላል?

እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2010 ምሽት ብራዚል ከሰሜን ኮሪያ ጋር በጆሃንስበርጉ ኤሊስ ፓርክ ስታዲየም ስትጫወት፣ የአየሩ ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ ተጠግቶ ነበር። ያን ጊዜ ተማሪ ነበርሁ፤ የዓለም ዋንጫውን ሰበብ አድርጌ አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አጎቴ እንደ ብዙዎቹ ያገራችን ሰዎች በጄፒ ጎዳና አካባቢ ሱቅ ነበረው፤ ብርድ ልብስና መጋረጃ ይሸጣል። ሁለታችንም የብራዚል ደጋፊዎች ነበርን (በዚያ ዘመን ያልነበረ ኢትዮጵያዊ ማን ነው?)። እኔ ሰኔ ሲባል ዝናብ ብቻ ስለሚታየኝ ጃንጥላ ይዤ መጥቻለሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ጆሃንስበርግ ግን በሰኔ ደረቅ ክረምት ላይ ናት፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀቱም አብሯት ይሄዳል። የእኛን የኅዳር ውርጭ ማሰብ ነው። አጎቴ ከሱቁ ሁለት ብርድ ልብስ አውጥቶ አንዱን አከናነበኝና፣ «ዛሬ ከሸጥሁት ይልቅ ይሄ ይጠቅመናል» አለኝ።

ብራዚል 2 ለ 1 አሸነፈች። ሰሜን ኮሪያ በ89ኛው ደቂቃ ያስቆጠረችውን ጎል ያየሁት እግሬ ደንዝዞ፣ መውጫው ደረጃ ላይ ቆሜ ነው።

ጨዋታው የተጀመረው ምሽት 20:30 ላይ ነበር። ደቡብ አፍሪካ በዚያ ወር ከፓሪስ፣ ከበርሊንና ከሮም ጋር ሰዓቷ አንድ ነው፤ 20:30 ደግሞ የአውሮፓ ቤተሰብ ራቱን በልቶ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ከዕለቱ ጨዋታዎች ገበያ ይስባሉ የተባሉት ወደዚህ ሰዓት ተመደቡ። ፀሐይ ባለበት በ13:30 ወይም በ16:00 የተደረጉም ነበሩ። የመነሻ ሰዓት እንግዲህ ዋጋ ነው፤ ተጠቃሚው ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል፣ ከፋዩ ደጅ ቆሟል። በእኛ ሙያ ይህ ውጫዊ ወጪ ይባላል፤ ውሳኔው ላይ ድምፅ የሌለው ሰው የሚሸከመው ማለት ነው።

ከከፋዮቹ ሁሉ አማራጭ የሌለው እንግዳው ደጋፊ ነው። የአገሩ ነዋሪ በ140 ራንድ በሚገዛው ርካሽ ትኬት ገብቶ፣ ብርዱ ሲጠናበት ትቶ ቢሄድ ብዙ አይጎዳም። የአውሮፕላን፣ የሆቴልና የዕረፍት ቀን ወጪውን አስቀድሞ የከፈለው ግን ያ ገንዘብ አይመለስለትም፤ ውርጭም ሆነ ሐሩር ቢመጣ ከወንበሩ አይነሣም። አዘጋጁም ይህን ያውቃል። ለእንግዳው ምቾት የሚያወጣው ገንዘብ ተጨማሪ ትኬት አይሸጥለትምና፣ አያወጣም።

የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ባይኖር የ140 ራንዱ ትኬት ራሱ አይኖርም ነበር የሚል ሙግት አለ። እውነትነት አለው፤ ውሉ ይቅር አልልም። ነገር ግን አንዱ ወገን የሚያገኘው በዶላር ሲቆጠር፣ ሌላው የሚከፍለው ጨርሶ ካልተቆጠረ ድርድር የለም።

ብርድ ቢያንስ አይገድልም እንበል። የጆሃንስበርግ በጋ ግን በመብረቁ የታወቀ ነው፤ በ1998 በዚያችው ከተማ ጆሞ ኮስሞስና ሞሮካ ስዋሎውስ ሲጫወቱ መብረቅ ተጫዋቾችን ሜዳ ላይ ጥሎ ጨዋታው ተቋርጧል። በ2025 በአሜሪካ በተደረገው የክለቦች ዓለም ዋንጫ በአንጻሩ የማሜሎዲ ሰንዳውንስና የኡልሳን ጨዋታ በመብረቅ ሥጋት ዘግይቶ ተጀመረ፤ የቼልሲና የቤንፊካም ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ቆመ። ለመብረቅ ሕግ ስላለ የቴሌቪዥን መርሐ ግብርም ይጠብቃል። ለሙቀት ያለው ግን ለተጫዋቾች የተፈቀደ የውኃ ዕረፍት ነው፤ ፀሐይ ላይ የተቀመጠውን ተመልካች የሚያስብ ደንብ እምብዛም አይገኝም።

ይህን ለእናንተ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ካፍ የአገራችንን ስታዲየሞች መስፈርት አያሟሉም ካለ ወዲህ፣ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰበት በ2013 ከጄፒ ተነሥተው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ምቦምቤላ የገቡት ነጋዴዎች በወቅቱ ልዩ ነገር መስለውን ነበር። አሁን ግን እንግዳ ደጋፊነት የሁላችንም መደበኛ ኑሮ ሆኗል፤ አብዛኛውን ወጪ የሚሸፍነውም ውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ ነው።

ስለዚህ ስለ አደይ አበባ ስታዲየም ስንወያይ የማነሣው ጥያቄ ጠባብ ነው። ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የታቀደው ይህ ግንባታ ጣሪያውን ለሁለተኛው ምዕራፍ ትቶ ነው የተጀመረው። በጀት ሲጠብብ ጣሪያ እንደ ጌጥ ይታያል፤ በሐምሌ የአዲስ አበባ በረዶ ሲወርድ ግን የክብር እንግዶች መቀመጫ መጠለያ እንደማያጣ እናውቃለን። ገንዘብ አዋጡ፣ ቦንድ ግዙ ስትባሉ፣ ጣሪያው የሚጀመረው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ከርካሹ ትኬት በኩል ይጀመር ባይ ነኝ፤ የአጎቴ ብርድ ልብስ ለሁለት ሰው እንጂ አልበቃም።