ርዕሰ አንቀጽ፦ ነሐሴ 20ን ስለ ማሰብ

ባርነት በአገራችን የተሻረበትን ቀን ኮሌጃችን በየዓመቱ እንዲያስብ ለማኅበራችን ሐሳብ በቀረበ ጊዜ የተቃወመ አልነበረም። ክርክሩ የተነሣው በቀኑ ላይ ነው።

የታሰቡት ቀኖች ሁለት ናቸው። አንደኛው መጋቢት 22 ቀን 1916 ዓ.ም. የባሮች ነጻነት ሕግ የወጣበት ነው፤ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በዚያው ዓመት መስከረም 17 ቀን ነበርና ሕጉ የዚያ ቃል ኪዳን ተከታይ ነው። ሁለተኛው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ከጠላት መባረር በኋላ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣበት ነው። መጋቢትን የሚደግፉ ወንድሞቻችን በመጋቢት ሁላችንም ዓለም ከተማ ነን፥ በነሐሴ ግን ግቢው ባዶ ነው ይላሉ።

እኛ ግን በነሐሴው እንጸናለን። የ1916ቱ ሕግ በቤት ያለውን ባሪያ ነጻነት ከጌታው ሞት ጋር አያይዞ፥ ከዚያም በኋላ ለወራሾች የሰባት ዓመት ጊዜ ይሰጥ ነበር። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ይህንኑ ወደ አንድ ዓመት አሳጠረው። ታዲያ የሌላውን ሰው ቀብር የሚጠብቅ ሰው ነጻ ወጣ ይባላልን?

ደግሞ «ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው፥ መርሐ ቤቴን ምን አገባት?» የሚል አይታጣም። መርሐ ቤቴ የነበረችበት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሸዋ መንግሥት በብዙ ባሮች ጉልበት ይሠራ ነበር። በ1830ዎቹ ዓ.ም. ወደ አንኮበር የመጡት የእንግሊዝ መልእክተኞች ለቤተ መንግሥቱ እህል የሚፈጩትን፥ እንጨት የሚሸከሙትንና ውሃ የሚቀዱትን ባሮች አይተው ጽፈዋል። አሊዩ አምባ አጠገብ የነበረው የአብዱል ረሱል ገበያም ሰው የሚሸጥበት ነበር። ፍትሐ ነገሥታችን ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ይናገርና፥ ወዲያው ስለ ባሮች ሥርዓት ራሱን የቻለ አንቀጽ ይሰጣል። ስለ ሊንከን የ1855 ዓ.ም. አዋጅ በፈተና ብንጠየቅ ብዙዎቻችን እንመልሳለን፤ ስለ አብዱል ረሱል ብንጠየቅ ግን እርሳሳችንን እንነክሳለን።

አዋጁ ከወጣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም በመኝታ ቤቶቻችን ጠቆር ያለውን ጓደኛ «ባሪያ» ብሎ መጥራት እስከ ዛሬ እንደ ጨዋታ ይቆጠራል፤ ተጠሪውም አብሮ ይስቃል፥ ምን ያድርግ! «ጨዋ» የምንለው ምስጉን ቃል እንኳ ባሪያ ያልሆነ፥ ዘሩ የታወቀ ማለት ነበር። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ የልጁ ትምህርት ከተጠየቀ በኋላ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ አጥንቱ ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ ከተማርነው መካከል «ይህን አልጠይቅም፥ አልመልስምም» የሚለው ስንት ነው? ቀኑን በንግግርና በሻይ ብቻ ብናሳልፈው ይህ ሁሉ ባለበት ይቀራል።

የግቢው ባዶ መሆን ለእኛ እንቅፋት አይመስለንም። በነሐሴ እያንዳንዳችን በየቤታችን፥ በመንዝም በግሼም በመርሐ ቤቴም፥ ከአያቶቻችን ጋር እሳት ዳር እንቀመጣለን። እነርሱም የሰሙትን የሚነግሩን ያን ጊዜ ነው፤ በትልልቆቹ ቤቶች ወፍጮው ላይ የነበረው የማን እጅ ነው? አዋጁ ሲሰማ የሄደ ማን፥ መሄጃ አጥቶ የቀረስ ማን ነው? መሬት ያገኘ ነበርን? እነዚህ ጥያቄዎች ሊመለሱ የሚችሉት የሚያስታውሱ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚጠይቀው ይህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የሰማውን በአንድ ገጽ ጽፎ በመስከረም ይዞ ይምጣ፤ የታሪክ መምህራኖቻችንም ጽሑፎቹን አይተው በጉባኤ ፊት እንዲያስረዱን በአክብሮት እንለምናለን። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን፦ የዛሬ ቤተሰቦች ስም፥ ማን ከማን እንደ ተወለደም አይጻፍ። የዘር መቁጠሪያ መዝገብ የሚመስል ወረቀት ከመጣ ማኅበሩ ሳያነበው ለባለቤቱ ይመልሰዋል።