እጅ ወደ መሣሪያው ወይስ መሣሪያው ወደ እጅ?

በመስታወት እያየ የራሱን ፀጉር በመቀስ ለማስተካከል የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ወደ ራሱ የሳበው መቀስ በመስታወቱ ውስጥ ሲርቅ ያያል፤ እጁም ያመነታል። ዓይን የሚያየውና እጅ የሚያደርገው ሲለያዩ ባለሙያም ቢሆን ይሳሳታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ልዩነት በሮቦት በሚታገዝ ረቂቅ ቀዶ ሕክምና ውስጥ እንዴት ሊፈታ እንደሚገባ የግል አስተያየት ማቅረብና ጉዳዩ ለእኛም የጥናት መስክ ሊሆን እንደሚችል ማመልከት ነው።

ማይክሮሰርጀሪ የሚባለው ሕክምና ቀጫጭን የደም ሥሮችን፣ የሊምፍ ቧንቧዎችንና ነርቮችን በማጉያ እያዩ መስፋትን ይጠይቃል። ከእነዚህ ቧንቧዎች አንዳንዶቹ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስፋት አላቸው። በዚህ ልክ ሲሠራ የጤነኛ ሰው እጅ የተፈጥሮ መንቀጥቀጥ እንኳ እንቅፋት ይሆናል። ሮቦቱ በሐኪሙና በሕመምተኛው መካከል ገብቶ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ መንቀጥቀጡን ያጣራል፣ እንቅስቃሴውንም ያሳንሳል። ሐኪሙ እጁን 10 ሚሊ ሜትር ሲያንቀሳቅስ የመሣሪያው ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል።

ይሁን እንጂ የሚያንሰው የቦታ ለውጥ እንጂ የአቅጣጫ ለውጥ አይደለም። እጁ 90 ዲግሪ ሲዞር መሣሪያውም 90 ዲግሪ መዞር ይኖርበታል። ምክንያቱም ጠማማው የስፌት መርፌ በቧንቧው ግድግዳ የሚያልፈው በቀጥታ በመገፋት ሳይሆን በአንጓ መዞር የራሱን ቅስት ተከትሎ ነው። ሐኪሙ የመርፌውን አቅጣጫ በጣቶቹ ካልገመተ ግድግዳውን ሊቀድደው ይችላል። በአጭሩ፣ እጅና መሣሪያ በቦታ ቢራራቁ ሐኪሙ ቶሎ ይለምደዋል፤ በአቅጣጫ ቢለያዩ ግን የስፌቱ ስሜት ራሱ ይጠፋል።

ልዩነቱ የሚፈጠረው ደግሞ በሥራው መካከል ነው። አሽከርካሪ ፍሪሲዮን ረግጦ ሞተሩን ከጎማው እንደሚለያይ ሁሉ፣ ሐኪሙም እጁ ከምቹ ቦታ ሲወጣበት መቆጣጠሪያውን ከመሣሪያው ለጊዜው ያለያየዋል። መሣሪያ ሲለወጥም እንዲሁ ነው። እንደገና ሲገናኙ እጁ በአንድ አቅጣጫ፣ መሣሪያው በሌላ አቅጣጫ ሆነው ይገኛሉ።

ለዚህ ሁለት ዓይነት መፍትሔ አለ። የመጀመሪያው ሁለቱ እስኪጣጣሙ ድረስ ግንኙነቱን መከልከል ነው። ዳ ቪንቺ በተባለው ሮቦት የእጀታው ሞተሮች ራሳቸው እጀታውን ወደ መሣሪያው አቅጣጫ ያመጡታል። ለማይክሮሰርጀሪ እንደ ተሠራው እንደ ሲማኒ ባሉ ሥርዓቶች ግን መቆጣጠሪያው በሐኪሙ እጅ በነፃ የሚያዝ በመሆኑ የሚያዞረው ሞተር የለም፤ አንጓውን ማጣመም የሚጠበቅበት ሐኪሙ ይሆናል። ሁለተኛው መፍትሔ ልዩነቱን ይዞ ሥራ መጀመርና ቀስ በቀስ ማጥበብ ነው። እጁ ልዩነቱን በሚያጠብብ አቅጣጫ ሲዞር መሣሪያው ዘግየት ብሎ ይከተላል፤ በሚያሰፋ አቅጣጫ ሲዞር እኩል አብሮ ይዞራል። ሐኪሙ ሥራውን ሳያቋርጥ ሁለቱ ይገጣጠማሉ።

እኔ ሁለተኛውን መንገድ እደግፋለሁ፤ ሆኖም ያለ ገደብ አይደለም። መሣሪያው በሚዘገይበት ጊዜ የእጅና የመሣሪያ መዞር እኩል አይሆንም፤ ይህ ደግሞ ከላይ ሊነካ አይገባም ያልነው ነገር ነው። ስለዚህ ሦስት ሁኔታዎች ሊሟሉ ይገባል። አንደኛ፣ መርፌው በሕብረ ሕዋስ ውስጥ እያለ ማስተካከያው መቆም አለበት። ሁለተኛ፣ የቀረው ልዩነት በሐኪሙ ዕይታ ላይ መታየት አለበት፤ በስውር የሚያርም ማሽን በስውርም ሊያሳስት ይችላል። ሦስተኛ፣ ሥራ ሊጀመር የሚችልበት የልዩነት ጣሪያ በአምራቹ ግምት ሳይሆን በሙከራ መወሰን አለበት።

«መሠረታዊ የቀዶ ሕክምና አገልግሎት ገና ባልተዳረሰበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሱን ከሰንጋ ተራ በእግር ከሚደረስበት ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እጀምራለሁ። ሆስፒታሉ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። በጡት ካንሰር ምክንያት የብብት ዕጢዎቻቸው የወጡላቸው ወይም ጨረር የወሰዱ ሴቶች ከፊሎቹ በክንድ እብጠት ይሠቃያሉ። በኔዘርላንድ ማስትሪኽት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ጥናት 20 እንዲህ ያሉ ሕሙማን ተሳትፈው ነበር፤ የተዘጋውን የሊምፍ መንገድ ከደም ሥር ጋር ማገናኘት በሮቦት እንደሚቻል ታይቷል። አንዱን መጋጠሚያ ለመስፋት የወሰደው ጊዜ ሐኪሙ ልምድ ሲያገኝ ከ33 ደቂቃ ወደ 16 ደቂቃ ወርዷል። ማሽኑ ነገ ይምጣ አልልም። የሚታከመው ሕመም ግን የሩቅ አገር ሕመም አይደለም።

ከዚህም በላይ ጥያቄውን ለማጥናት ሮቦቱ የግድ አያስፈልግም። በላፓሮስኮፒ የሚሠለጥን ሐኪም ዛሬም ይኸው ችግር አለበት፤ መሣሪያው በሆድ ግድግዳ ቀዳዳ ላይ ስለሚመላለስ እጁ ወደ ግራ ሲሄድ ጫፉ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንድ የመለማመጃ ሣጥን፣ አንድ ካሜራና አንድ ኮምፒዩተር ቢኖሩ ካሜራውን በተለያየ ዲግሪ እያዞሩ የሠልጣኞችን ስሕተትና የወሰደባቸውን ጊዜ መለካት ይቻላል። የማጣጣሚያውን ስሌት በኮምፒዩተር ላይ አስመስሎ መፈተንም የአንድ የማስተርስ ጥናት አቅም የሚበቃው ሥራ ነው።

የጎደለው የሁለቱ ወገኖች መገናኘት ይመስለኛል። የቁጥጥር ምሕንድስና የሚማረው በአምስት ኪሎ፣ ቀዶ ሕክምና የሚማረው በጥቁር አንበሳ ነው፤ ርቀቱ የአንድ ታክሲ ጉዞ ያህል ነው። የድኅረ ምረቃ ክፍሎች አንድ የጋራ የጥናት ርዕስ በጋራ አማካሪ ቢፈቅዱ፣ ከላይ የተጠቀሰውን የልዩነት ጣሪያ በራሳችን ሠልጣኞች ለክተን ማቅረብ እንችላለን። ማሽኑ አንድ ቀን ሲመጣም ምን ዓይነት እንዲሆን እንደምንሻ ለመጠየቅ የሚያስችል ማስረጃ በእጃችን ይኖራል።